የሻይ ቤቱ ባለቤት ማን ነው? የአምስቱን ሱቆች እንቆቅልሽ በማስወገድ ዘዴ መፍታት

«እንቆቅልሽ» ሲሉት «ምን አውቅልህ» እያለ ያደገ ሰው፣ ጥያቄ ሲቀርብለት መልሱ ብልጭ እንዲልለት ይጠብቃል። ካልበራለት ሀገር ሰጥቶ ይገላገላል። ከዚህ በታች ያለው እንቆቅልሽ ግን በብልጭታ የሚፈታ አይደለም፤ ሀገር የሚያሰጥም አይደለም። እርሳስ፣ ላጲስ፣ አንድ ገጽ ባለ ካሬ ደብተርና ግማሽ ሰዓት ያህል ትዕግሥት ያለው ሁሉ ይፈታዋል። የትምህርት ደረጃም አይጠይቅም፤ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ከመሐንዲስ አባቱ ቀድሞ ቢጨርሰው ሊደንቀን አይገባም።

ቦታውን ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እንውሰድ። ከአንድ ብሎክ ሥር፣ በምድር ቤቱ፣ አምስት ሱቆች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። መንገዱ ላይ ቆመን በሮቹን ፊት ለፊት ስናይ ከግራ ወደ ቀኝ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ብለን እንቆጥራቸዋለን። ባለቤቶቹ አልማዝ፣ በቀለ፣ ጫልቱ፣ ሐጎስና ሙና ናቸው (ለእንቆቅልሹ ሲባል አቶና ወይዘሮ ቀርቷል፤ ቅር አይበላችሁ)። ሥራዎቹ ልብስ ስፌት፣ ሥጋ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ጸጉር ቤትና ሻይ ቤት ናቸው። በሮቹ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ነጭና አረንጓዴ ናቸው። ሁለት ሱቅ ያለው ሰው የለም፤ ሥራውም ቀለሙም አይደገምም።

ፍንጮቹ እነሆ፦

1. የመሃለኛው ሱቅ በር ቀይ ነው።
2. ልብስ ሰፊው ሐጎስ ነው።
3. ሰማያዊው በር ከቢጫው በር ቀጥሎ፣ በስተቀኝ ይገኛል።
4. የአልማዝ በር ነጭ ነው።
5. ሥጋ ቤቱና ልብስ ስፌቱ ጎን ለጎን ናቸው።
6. የዳቦ ቤቱ በር ቢጫ ነው።
7. በአልማዝና በሐጎስ ሱቆች መካከል አንድ ሱቅ ብቻ አለ።
8. ጸጉር ቤቱና የጫልቱ ሱቅ ጎን ለጎን ናቸው።
9. የበቀለ በር አረንጓዴ ነው።
10. ዳቦ ቤቱ የጫልቱ አይደለም።

ጥያቄው፦ ሻይ ቤቱ የማን ነው?

ፍንጮቹን እንደገና አንብቡ። ሻይ ቤት የሚል ቃል በአንዱም ውስጥ የለም። ሙናም አልተጠራችም። ይህ የአዘጋጁ መዘንጋት አይደለም፤ የዚህ ዓይነት እንቆቅልሽ ዋናው ባሕርይ ነው። የተጠየቀው ነገር በቀጥታ አይነገርም፤ ሌላው ሁሉ ቦታ ቦታውን ሲይዝ በተረፈው ክፍት ቦታ ይገኛል።

ለምን በመገመት አይሆንም?

አምስት ሰዎችን በአምስት ሱቆች ለመደልደል 120 መንገድ አለ። ሥራዎቹን ለመደልደል 120፣ ቀለሞቹን ለመደልደል ደግሞ ሌላ 120። ሦስቱን ስናባዛ 1,728,000 የተለያዩ አደላደሎች እናገኛለን። በየሰከንዱ አንዱን እየሞከረ፣ ሳይተኛና ሳይበላ የሚቀጥል ሰው ሁሉንም ለመጨረስ ልክ 20 ቀን ያስፈልገዋል። በማስወገድ የሚሠራ ሰው ግን ከመገናኛ ወደ አባዶ የሚሄደውን ታክሲ በሰልፍ እየጠበቀ ይጨርሰዋል፤ ሰልፉ የማታው ሰልፍ ከሆነ ትርፍ ጊዜም ይኖረዋል።

ይህ ዓይነት እንቆቅልሽ በዓለም የታወቀው «የሜዳ አህያው እንቆቅልሽ» በሚባለው ነው። ላይፍ ኢንተርናሽናል የተባለው መጽሔት ታኅሣሥ 8 ቀን 1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1962) ያወጣው ሲሆን፣ መልሱን ያተመው በዚያው ዓመት መጋቢት ውስጥ ነው። ቀለማቸው የተለያየ አምስት ቤቶች፣ አምስት ዜጎች፣ አምስት የቤት እንስሳት፣ አምስት መጠጦችና አምስት የሲጋራ ዓይነቶች አሉት፤ የሚጠይቀውም ውኃ የሚጠጣውና የሜዳ አህያ ያለው ማን እንደሆነ ነው። የአደላደሉ ብዛት 24,883,200,000 ነው። በየሰከንዱ አንድ እየሞከሩ ለመጨረስ ከ780 ዓመት በላይ ይፈጃል። ብዙዎች አልበርት አንስታይን በልጅነቱ የጻፈው ነው ይላሉ፤ አንዳንዶችም «ከዓለም ሕዝብ ሁለት በመቶው ብቻ ይፈታዋል» የሚል ይጨምሩበታል። ለሁለቱም ማስረጃ የለም። እንዲያውም በመጽሔቱ እትም ውስጥ ከተጠቀሱት ሲጋራዎች አንዱ፣ ኩል የተባለው፣ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። አንስታይን የተወለደው በ1879 ስለሆነ ያን ጊዜ 54 ዓመቱ ነበር፤ ልጅነት የምንለው ዕድሜ አይደለም። የሁለት በመቶውን ወሬ ደግሞ ለልጆች ባትነግሩ ይሻላል። ገና ሳይጀምሩ እርሳሳቸውን ያስቀምጣሉ።

ሠንጠረዡን ማዘጋጀት

ለአምስቱ ሱቆች አምስት ዓምድ፣ ለባለቤት፣ ለሥራና ለቀለም ሦስት ረድፍ ሥሩ። አሥራ አምስት ሳጥን ይኖራችኋል። በባለቤት ረድፍ ባሉት ሳጥኖች ሁሉ ውስጥ የአምስቱን ሰዎች የመጀመሪያ ፊደል በትንንሹ ጻፉ፦ አ፣ በ፣ ጫ፣ ሐ፣ ሙ። በሥራው ረድፍ ል፣ ሥ፣ ዳ፣ ጸ፣ ሻ። በቀለሙ ረድፍ ቀ፣ ሰ፣ ቢ፣ ነ፣ አ። የላይኛው ረድፍ «አ» አልማዝ፣ የታችኛው «አ» አረንጓዴ መሆኑን አትርሱ። በጠቅላላው 75 ፊደል ይሆናል። ሥራችሁ ከእነዚህ ውስጥ 60ውን መሰረዝ ነው፤ የሚቀሩት 15 መልሱ ናቸው።

አሁን ወደ ደንቦቹ። አንድ ፊደል በሰረዛችሁ ቁጥር ከጎኑ የፍንጩን ቁጥር በትንሹ ጻፉ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ትርፍ ድካም ይቆጥረዋል፤ እኔ ግን ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። ቁጥር የሌለው ስረዛ ግምት ነው። መንገድ ሲጠፋባችሁ ሁሉንም ከማጥፋት ይልቅ የትኛው ስረዛ በየትኛው ፍንጭ እንደቆመ አይታችሁ የምትመለሱት በዚህ ቁጥር ብቻ ነው።

በአንድ ሳጥን ውስጥ አንድ ፊደል ብቻ ሲቀር ክብ አድርጉበትና ያንን ፊደል ከረድፉ ሌሎች ሳጥኖች ሰርዙት። የተገላቢጦሹም ይሠራል፦ አንድ ፊደል በረድፉ ውስጥ በአንድ ሳጥን ብቻ ከቀረ፣ በሳጥኑ ውስጥ ሌሎች ፊደሎች ቢኖሩም ቦታው እርሱ ነው። የመጀመሪያውን ሁሉም ሰው ያስታውሳል፤ ሁለተኛውን ግን ብዙዎች ይረሱታል፤ ከዚያም «ፍንጭ አነሰኝ» ይላሉ።

ከልጆች ጋር የምትሠሩ ከሆነ ከወረቀቱ ይልቅ ቆርኪ ይሻላል። ለዳማ የምንጠቀምበት ያው የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ነው፤ 15 ፈልጉና በላያቸው ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ ስሞቹን፣ ሥራዎቹንና ቀለሞቹን ጻፉባቸው። ልጅ ስረዛ ይሰለቸዋል፤ ቆርኪ ማንቀሳቀስ ግን አይሰለቸውም። ጉድለቱ ቆርኪ የስረዛን ምክንያት አለማስቀመጡ ነው። ስለዚህ አንዱ ልጅ ጸሐፊ ይሁን።

ፍንጮቹን መለየት

ፍንጮችን ከላይ ወደ ታች በተራ የሚሠራ ሰው በሁለተኛው ይቆማል። ሐጎስ ልብስ ሰፊ ነው፤ ግን የት? ገና አይታወቅም። ስለዚህ መጀመሪያ በዓይነት ለዩአቸው።

ፍንጭ 1 ቦታ ይነግራል፤ ሁልጊዜ በእርሱ ጀምሩ። ፍንጭ 2፣ 4፣ 6 እና 9 ሁለት ነገሮችን ያቆራኛሉ፦ ሐጎስና ልብስ ስፌት፣ አልማዝና ነጭ፣ ዳቦና ቢጫ፣ በቀለና አረንጓዴ። የተቆራኙ ነገሮች ከአንድ ዓምድ አይለያዩም፤ አንዱ ከተሰረዘበት ዓምድ ሌላውም ወዲያው ይሰረዛል። ፍንጭ 3፣ 5፣ 7 እና 8 ጉርብትናን ይናገራሉ፤ ጥቅማቸው በረድፉ ጫፎችና በተያዙ ቦታዎች አጠገብ ይጎላል። ፍንጭ 10 ብቻውን «አይደለም» ይላል። ጀማሪ ይህን ዓይነቱን ፍንጭ ይንቀዋል፤ ምንም የሰጠው አይመስለውምና። የዚህ እንቆቅልሽ ቁልፍ ግን እርሱ ነው።

አፈታቱ

ሱቅ 3 ቀይ ነው። ከዚያ ፍንጭ 3ን እንያዝ። ሰማያዊው ከቢጫው በስተቀኝ ስለሆነ ቢጫው 5 ሊሆን አይችልም፤ ከ5 በስተቀኝ ሱቅ የለም። ቢጫው 2 ቢሆን ሰማያዊው 3 ላይ ያርፋል፤ ያ ደግሞ በቀይ ተይዟል። ስለዚህ ቢጫው ወይ 1 ነው ወይ 4። ሰማያዊውም እርሱን ተከትሎ ወይ 2 ወይ 5 ይሆናል። ዳቦ ቤቱ ከቢጫው ጋር የተቆራኘ ነውና እርሱም 1 ወይም 4 ነው። የቀሩትን የዳና የቢ ፊደሎች ሰርዙ።

ቀጥሎ ያለውን ደረጃ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ቦታውን ለጊዜው ተዉትና ዳቦ ቤቱ የማን ሊሆን እንደሚችል ጠይቁ። ሐጎስ ልብስ ሰፊ ነው፤ ይወጣል። አልማዝ በሯ ነጭ ነው፤ የዳቦ ቤቱ ግን ቢጫ ነው፤ ትወጣለች። በቀለ በሩ አረንጓዴ ነው፤ ይወጣል። ጫልቱን ፍንጭ 10 አስወጥቷታል። የቀረችው ሙና ናት። በአንድም ፍንጭ ስሟ ያልተነሣው ሙና ከሁሉ ቀድማ ሥራዋም የበሯ ቀለምም ታወቀ፦ ዳቦ ቤት፣ ቢጫ በር። ቦታዋ 1 ወይም 4 ነው።

እዚህ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በቀጥታ የሚሰረዝ ነገርም የለም። እንዲህ ሲሆን መገመት አይፈቀድም፤ መሞከር ግን ይፈቀዳል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ገማች አንዱን መርጦ ይቀጥላል፤ ሞካሪ ግን ሠንጠረዡን በሌላ ገጽ ይገለብጥና ከላዩ ላይ «ቢሆን» ብሎ ጽፎ፣ አንዱ መንገድ ከግድግዳ ጋር እስኪጋጭ ይከተለዋል።

ሙና 4 ብትሆን? ሰማያዊው 5፣ ቀዩ 3 ስለሆነ ነጭና አረንጓዴ ለ1 እና ለ2 ይቀራሉ። ስለዚህ 1 እና 2ን የሚይዙት አልማዝና በቀለ ናቸው፤ ለሐጎስና ለጫልቱ 3 እና 5 ይተርፋሉ። ፍንጭ 7 በአልማዝና በሐጎስ መካከል አንድ ሱቅ ብቻ አለ ይላል። አልማዝ 2 ብትሆን ሐጎስ 4 ላይ ሊሆን ነው፤ 4 ግን የሙና ነው። ስለዚህ አልማዝ 1፣ ሐጎስ 3፣ ጫልቱ 5። የጫልቱ ብቸኛ ጎረቤት 4 ነው፤ ፍንጭ 8 እንደሚለው ከሆነም 4 ጸጉር ቤት መሆን አለበት። 4 ግን ዳቦ ቤት ነው። ተጋጨ። ይህን ገጽ ቅደዱት፤ ሙና 4 አይደለችም።

ወደ ዋናው ሠንጠረዥ ስትመለሱ ነገሩ ሁሉ ይፈጥናል። ሙና 1፣ ቢጫ፤ ሱቅ 2 ሰማያዊ። ነጭና አረንጓዴ በ4 እና በ5 ስለሚሆኑ አልማዝና በቀለ እዚያ ናቸው። ሐጎስና ጫልቱ በ2 እና በ3 አሉ። ጫልቱ 2 ብትሆን ጎረቤቶቿ ዳቦ ቤቱና ልብስ ስፌቱ ይሆናሉ፤ ጸጉር ቤት ከጎኗ አይገኝም። ስለዚህ ጫልቱ 3፣ ሐጎስ 2። ከጫልቱ ጎን ያለው 2 ልብስ ስፌት ነውና ጸጉር ቤቱ 4 ነው። ሐጎስ 2 ከሆነ አልማዝ አንድ ሱቅ አሳልፋ 4 ላይ ናት፤ ጸጉር ቤቱም የእርሷ ነው። በቀለ 5። ሥጋ ቤቱ ከልብስ ስፌቱ ጎን መሆን አለበት፤ 1 ዳቦ ቤት ስለሆነ 3 ነው። የቀረው ሥራ አንድ፣ የቀረው ሱቅ አንድ፦ ሻይ ቤቱ የበቀለ ነው።

ሲጠናቀቅ እንዲህ ይነበባል፦

ሱቅ 1፦ ሙና፣ ዳቦ ቤት፣ ቢጫ
ሱቅ 2፦ ሐጎስ፣ ልብስ ስፌት፣ ሰማያዊ
ሱቅ 3፦ ጫልቱ፣ ሥጋ ቤት፣ ቀይ
ሱቅ 4፦ አልማዝ፣ ጸጉር ቤት፣ ነጭ
ሱቅ 5፦ በቀለ፣ ሻይ ቤት፣ አረንጓዴ

አሁን አሥሩንም ፍንጮች ከዚህ ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

የሚያሳስቱ ነገሮች

ሥጋ ቤቱን ለጫልቱ የሰጠ ሰው ምን ያህል ነው? በተለይ አዋቂዎች ገና ከመጀመሪያው ሥጋ ቤቱን ለበቀለ፣ ጸጉር ቤቱን ደግሞ ከሴቶቹ ለአንዷ በልባቸው ይሰጣሉ። ወረቀቱ ላይ አይጽፉትም፤ ግን በእርሱ እየተመሩ ይሰርዛሉ። አሥር ፍንጭ ተሰጥቷቸው በአሥራ አንድ ይሠራሉ ማለት ነው፤ አሥራ አንደኛው ከሰፈር ልማድ የመጣ ነው። ልጆች በዚህ ከአዋቂዎች የሚሻሉበት ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። የፍንጭ ቁጥር ከስረዛው ጎን ጻፉ ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ለልማድ የሚጻፍ ቁጥር የለም።

ሁለተኛው ግራና ቀኝ ነው። ባለሱቁ በሩ ላይ ቆሞ ወደ መንገዱ ሲያይ ቀኙ የእኛ ግራ ነው። ከማን ዓይን እንደሚቆጠር መጀመሪያ ወስኑ። «በስተቀኝ» ብቻ ሲባል ራቅ ያለውንም ያካትታል፤ «ቀጥሎ በስተቀኝ» ግን አጠገብ ያለውን ብቻ ነው። «ጎን ለጎን» ደግሞ በየት በኩል እንደሆነ አይናገርም፤ ፍንጭ 7ም እንዲሁ። ካልተነገራችሁ ሁለቱንም አቅጣጫ ክፍት አድርጋችሁ ያዙ።

የራሳችሁን ማዘጋጀት

ከፈታችሁት በኋላ ለሌላ ሰው መሥራት የበለጠ ያዝናናል። ከመልሱ ጀምሩ፦ አምስቱን ዓምድ እንደፈለጋችሁ ሙሉና ስለ ድልድሉ እውነት የሆኑ ሃያ ያህል ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ። ከዚያ አንድ በአንድ እየቀነሳችሁ፣ በቀነሳችሁ ቁጥር ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ፍቱት። መልሱ አንድ ብቻ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ መቀነስ ትችላላችሁ። ሁለት መልስ ሲመጣ የመጨረሻውን ፍንጭ መልሱት። ለአባዶ የሠራችሁትን ለቱሉ ዲምቱ ወይም ለኮዬ ፈጬ ለማድረግ ስሞቹንና ሥራዎቹን መቀየር ብቻ ይበቃል፤ አጥንቱ ያው ነው። ሦስት ረድፍ ለልጆች ይበቃል። አምስት ረድፍ እንደ ሜዳ አህያው ሙሉ ምሽት ይወስዳል፤ በተለይ መብራት በጠፋበት ምሽት ተፈላጊ ነው።

የኛን እንቆቅልሽ በዚህ መንገድ ብንፈትሸው፣ ፍንጭ 10 ሲወጣ ሦስት መልስ ይመጣል፤ በሁለቱ ሻይ ቤቱ የአልማዝ ይሆናል። ያ «ምንም አልሰጠም» የተባለው «አይደለም» በቀለን የሻይ ቤቱ ባለቤት ያደረገው እርሱ ነው። ለመለማመድ ደግሞ ፍንጭ 10ን መልሱና በምትኩ ፍንጭ 5ን አውጡ፤ ስንት መልስ እንደሚኖር ራሳችሁ ድረሱበት። ለማረጋገጥ ያህል፦ ሁለት ነው፤ በአንዱ ሻይ ቤቱ እንደ ቀድሞው የበቀለ፣ በሌላው የጫልቱ ይሆንና ሥጋ ቤቱ ወደ በቀለ ይዛወራል።